ጎመኑን ያቆመው ብርዱ ነው ወይስ የቀኑ ማጠር?

ጥያቄ፦ የመንዝ ልጅ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ሚኒሶታ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በዕንቁጣጣሽ ማግስት ጓሮዬ ውስጥ ጎመንና ቆስጣ ዘራሁ። አሁን ኅዳር ገብቷል፤ ጎመኑ ከጣት ርዝመት አላለፈም፣ ቆስጣው ጠቁሮ ተኝቷል። ውርጭ ያሳደገን ሰዎች እንዴት በብርድ እንሸነፋለን? ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እኔም እዚያው ሚኒሶታ 11 ዓመት ኖሬ ነው ወደ ደብረ ብርሃን የተመለስኩት። የአንቺው ስሕተት በእኔም ደርሷል። ጎመንሽን ያስቀረው ብርዱ ብቻ ሳይሆን የቀኑ ማጠርም ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ አመዳይ ሲጥል ያድርና ንጋት ላይ ቅጠሉ በእጅ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይዋ ታቀልጠዋለች፤ ታኅሣሥ ውስጥ እንኳ ቀኑ ከ11 ሰዓት ተኩል አያንስም። ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በኋላ የተከልኩት ጎመን ውኃ እስካገኘ ድረስ ያድጋል፤ የእኔ ሥራ ሌሊቱን ማሻገር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ካለ ውርጭ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያን ቀን መደቡን አስቀድሜ አጠጣዋለሁ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራልና። ሲመሽ በእንጨት ድጋፍ ላይ ያረጀ ባና እዘረጋለሁ፤ ቅጠሉ ላይ ከተጫነ ይሰብረዋል። በጓሮዬ ዝቅተኛ ጥግ ምንም አልተክልም፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል።

ሚኒሶታ ላይ ይህ ሁሉ አይበቃም። ከጥቅምት ማለቂያ ጀምሮ ቀኑ ከ10 ሰዓት በታች ይሆናል፤ ታኅሣሥ ላይ 9 ሰዓትም አይሞላም። በዚያ ብርሃን ጎመን በሕይወት ቢቆይ እንኳ እምብዛም አያድግም። ስለዚህ የሚዘራው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ማለቂያው ነው፤ ብርዱ ሲመጣ አድጎ ይጠብቀው። ሐምሌን በጭቃና በጭጋግ ለምናውቅ ለእኛ ይህን መቀበል ከባድ ነው፤ እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያደገ ጎመን ብርድ ሲነካው በቅጠሉ ውስጥ ስኳር ያጠራቅማል፤ ስኳሩም ውኃው ቶሎ እንዳይረጋ ያግዘዋል። የዚያን ጊዜ ጎመን ጣዕሙ ልዩ ነው! ቅጠሉ በረዶ እንደያዘ ግን አትቁረጪው፤ ሲፈታ ቁረጪ። ቆስጣ እንደ ጎመንና እንደ ስፒናች ብርድ አይችልም፤ ቀድመሽ ልቀሚው።

ለአሁኑ፣ መሬቱ በበረዶ ካልጠጠረ ነጭ ሽንኩርት ትከዪ። ፍንካቹን ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርገሽ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሪው፤ ገለባም አልብሺው። ሐምሌ ሲገባ ትነቅይዋለሽ፤ በዚያው መደብ ላይ ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ ጎመንሽን ዝሪ።