እነዚህ ስም የሌላቸው ሰዎች እነማን ናቸው? ሻሻን ያነበባችሁ እርዱኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ የሊዮናርዶ ሻሻን የ1961 (እ.ኤ.አ.) የማፊያ ልቦለድ፣ የጉጉት ቀን የሚባለውን፣ በጣልያንኛ እያነበብኩ መሃል ላይ ተደናቅፌ ቀረሁ። ሲጀምር ቀላል ነው፣ ሰውዬው በጠዋቱ አውቶቡስ ሊሳፈር ሲል በጥይት ይመቱታል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሹልክ ሹልክ ይላል፣ ማንም ምንም አላየም ሃሃ። ከዛ ከፓርማ የመጣውን መርማሪ ካፒቴን ቤሎዲን እየተከተልኩ እያለ ድንገት ስማቸው የማይጠራ ሰዎች ማውራት ይጀምራሉ፣ "እንዲህ አለ" እንኳ የለውም፣ ወሬ ብቻ። ሶስቴ ደገምኩት። ባለስልጣን ነገር ይመስሉኛል ግን ሁሌም እነዛው ናቸው ወይስ በየቦታው ይቀያየራሉ? መርማሪውን ብቻ የሚከተል ጃሎ (የጣልያኖቹ የወንጀል ልቦለድ) ስለለመድኩ ነው መሰለኝ የዞረብኝ። በናታችሁ መጨረሻውን ሳትነግሩኝ በምን እንደምለያቸው ጠቁሙኝ።