አስቸኳይ፦ የማቅለሚያችንን ቦይ ደፈኑብን፣ ሰኞ ደግሞ ፎርም አለብን

ሸማ ኮምቦልቻ (ጠያቂ)
ያ ጀማዓ፣ ቶሎ መላ በሉኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የጥጥ ክር ማቅለሚያና ሽመና አለን። ሌሊት የሰፈሩ ሰዎች ቦያችንን በድንጋይና በአሸዋ ጆንያ ደፍነውት አደሩ። ውሃው ተመልሶ ግቢያችንን ሞልቶታል፣ ሥራ ቆሟል። ሰኞ ደግሞ ለአዲሱ ባለቀለም ሻርፕ የውጭ ገዢ ፎርም ይጠብቃል። አንዱ ጥያቄ «ማህበራዊ ኃላፊነትን ከፈጠራ ሥራችሁ ጋር እንዴት አቀናጅታችኋል?» ይላል። አምና ለትምህርት ቤቱ ደብተር ገዝተናል፣ በረመዳን ሰፈሩን አስፈጥረናል፣ ፎቶውም አለ። ውለታ ቢስ ሰፈር! ፎርሙን ምን ብዬ ልሙላ? ቦዩንስ በማን ላስከፍት?

አብሽር ደሴ
አብሽሪ እህቴ። ቀበሌ ሄደሽ ክሰሻቸው። የሕዝብ ቦይ መድፈን ወንጀል ነው።

ሸማ ኮምቦልቻ
ወንድ ነኝ።

አብሽር ደሴ
አብሽር ወንድሜ። ቀበሌ ሄደህ ክሰሳቸው።

ቢራቢሮ
ቦርከና ወንዝ ዛሬ ምን ለብሳ ወረደች? ትናንት ቀይ ነበረች አሉ 😂

ጋሽ መምህር
ከመክሰስህ በፊት ነገሩን ከሥሩ እንየው። አርቺ ካሮል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1991 እ.ኤ.አ. የኩባንያን ኃላፊነት በፒራሚድ ሣለው። ከታች ማትረፍ ነው። ቀጥሎ ሕግ ማክበር፣ ከዚያ ሥነ ምግባር። ልግስና ጫፉ ላይ ነው። አንተ ደብተሩን ከጫፉ ሰጠህ፣ ሁለተኛውን እርከን ዘለልከው። አገራችን ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አላት። የበከለ ያጸዳል፣ ወጪውንም ይሸፍናል። ቀበሌ ብትሄድ መጀመሪያ የምትጠየቀው አንተ ነህ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፖርተርና ክሬመር የሚባሉ ጸሐፊዎች «የጋራ እሴት» የሚል ሐሳብ አመጡ። ኩባንያው የሚያተርፍበት ሥራ ራሱ የማህበረሰቡን ችግር ይፍታ ነው የሚሉት። ገዢህ የሚጠይቅህ ይህንን ነው እንጂ የደብተር ፎቶ አይደለም። በነገራችን ላይ የዛሬ ተማሪ ይህን ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል፣ ገበያ ላይ ግን...

ቢራቢሮ
ጋሽዬ፣ ሰውየው ግቢ ውስጥ እየዋኘ ነው።

ነጋዴው
ምን ያስጨንቃል? በሕግ ከትርፍህ 2 በመቶ ለማህበረሰብ መስጠት ግዴታ ነው። ሰጥቻለሁ ብለህ ጻፍ፣ አለቀ።

ሐይቅ ዳር
እሱ የሕንድ ሕግ ነው ወንድሜ፣ የ2013 እ.ኤ.አ. የኩባንያዎች ሕጋቸው። ለዚያውም ትልልቆቹን ኩባንያዎች ብቻ ነው የሚመለከተው። እኛ ጋ የለም።

የታች ሰፈር ልጅ
«ውለታ ቢስ» ያልከው ሰፈር የእኔ ሰፈር ነው። ጆንያውን አልሞላሁም፣ የሞሉትን ግን አውቃለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ደብተር የሰጣችኋት ልጅ እናት ከቦያችሁ በታች ካለው ድንጋይ ላይ ነጠላ ስታጥብ ጥለቱ ሳይሆን ነጩ ቀልቶ ቀረ። በኖራ ብታሸው፣ በበረኪና ብትዘፈዝፈው አልለቅ አለ። ከእኛ ወርዶ ያ ውሃ ወደ ጨፋ፣ ወደ ከሚሴ ይሄዳል። ሰው ሽንኩርት ያጠጣበታል። ማንም መጥቶ «ይህ ቀለም ምንድነው?» ብሎ ያስረዳን የለም። አፍጥሩ ብላችሁ ስትጠሩን መጣን፣ ስለ ቦዩ ስናነሳ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው ተባልን።

ሰርተፍኬት ቶሎ
አይሶ 26000 የማህበራዊ ኃላፊነት ሰርተፍኬት በአንድ ሳምንት እናወጣልሃለን፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ሐይቅ ዳር
አትሸወድ! አይሶ 26000 መመሪያ ነው፣ ሰርተፍኬት አይሰጥበትም። የሚሰጥበት የአካባቢ አያያዙ 14001 ነው፣ እሱም በሳምንት አይወጣም።

ክር ቤት የሠራሁ
የክርክሩን ትቼ ወደ ውሃው ልምጣ። ቀለሙ ምን ዓይነት ነው? ጨውና ሶዳ ታስገባላችሁ?

ሸማ ኮምቦልቻ
ከአዲስ አበባ ነው የምናመጣው፣ ስሙን አላውቀውም። አዎ፣ ጨውም ሶዳም አለው። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ።

ከፋፋይ
ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሩና ክተቱት፣ ምን ችግር አለው?

ክር ቤት የሠራሁ
ጉድጓድ በፍጹም! ሰርጎ የሰው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ይገባል። ጨውና ሶዳ ካለው ሪአክቲቭ የሚባለው ቀለም ነው። ከቀለሙ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ክሩን ሳይይዝ በእጥበት ይወጣል። ጥቁርና ደማቅ ቀይ ይብሳሉ። ስለዚህ ቦዩን ብታስከፍትም ነገ እንደገና ይደፍኑታል።

አሁኑኑ፦ ግቢ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ በርሜል ወይም ታንከር አንሱት። በፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ ወረቀት ለኩት። ሶዳው ፒኤቹን ከፍ አድርጎት ነው የምታገኙት። በትንሽ በትንሹ አሴቲክ አሲድ እየጨመራችሁ ከ6 እስከ 9 ባለው መካከል አውርዱት። ጓንት አድርጉ። ይህ ሶዳውን ብቻ ነው የሚገድለው፣ ቀለሙና ጨው እዚያው ናቸው። ውሃውን እንዲያጠራ ሻብ ጨምሩበት የሚላችሁ ይመጣል፤ ለዚህ ቀለም ብዙ አይሠራም፣ ጨውን ደግሞ ጭራሽ አያወጣም። ስለዚህ ወደ ቦዩ አትልቀቁት፣ የወረዳውን የአካባቢ ጥበቃ ጠይቁ።

ለወደፊቱ፦ ከፈዛዛ ወደ ደማቅ ቅለሙ። ቢጫ ቀድሞ፣ ጥቁር መጨረሻ። ያኔ ጋኑን በየመሃሉ ማጠብ አይኖርባችሁም። የመጨረሻው እጥበት ውሃ ንጹሕ ስለሆነ ለቀጣዩ ክር የመጀመሪያ እጥበት ይሁን። ቀለም ሻጫችሁን ዝቅተኛ ጨው የሚፈልግ ቀለም ጠይቁት፣ ወደድ ይላል ግን ከክሩ ጋር በደንብ ይያዛል።

ትልቁ ደግሞ ሻርፑ ራሱ ነው። ለምን ድሩም ማጉም ቀለም ይነከራል? ድሩን ብቻ ቅለሙ፣ ማጉን በጥጡ ነጭነት ተዉት። ጨርቁ ፈዘዝ ያለ፣ ለዓይን የሚስማማ መልክ ይይዛል። የሚነከረው ክር ግማሽ ያህል ሲቀንስ ቀለሙም፣ ጨዉም፣ ውሃውም፣ ማገዶውም ይቀንሳል። ፎርሙ ላይ ይህንን ጻፍ። «ለአንድ ኪሎ ክር ይህን ያህል ሊትር ውሃና ይህን ያህል ጨው እንጠቀም ነበር፣ በአዲሱ አሠራር ይህን ያህል» ብለህ ለክተህ አስገባ። ካልለካህ አትጻፍ፣ ገዢው መጥቶ ያያል።

አብሽር ደሴ
እኔ ግን አሁንም ቀበሌ ነው የምለው።

እታለም ወረኢሉ
ልጄ፣ ቀበሌውን ተወው። ቅዳሜ ቡና አስፈላና ጎረቤቶችህን ጥራ። ነጠላዋ የቀላባትን ሴትዮ በተለይ። ስጦታ ይዘህ እንዳትመጣ፣ መደለያ ይመስላል። ነጠላዋን ተካላት፣ እሱ ካሳ ነው። አቦሉ ሳይወርድ ስለ ቀለሙ አትናገር፣ መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ። ታላላቆቹ ዱዓ ካደረጉ በኋላ በየስንት ጊዜ መጥተው ግቢህን እንደሚያዩ ተስማሙ። ጆንያውን ራሳቸው ያነሱታል።

ሸማ ኮምቦልቻ
ማጉ ነጭ ከሆነ ገዢው «ናሙናው ላይ ሙሉ ቀይ ነበር» ቢለኝስ?

ክር ቤት የሠራሁ
ሁለቱንም ናሙና ላክለትና ልዩነቱን ንገረው። በፎርሙ የጠየቀህ እሱ አይደል?

የታች ሰፈር ልጅ
ቡናው ካለ እኔም እመጣለሁ። ሰዓቱን ንገረን።

ጋሽ መምህር
ልጨምር የምፈልገው፣ ከፖርተርና ክሬመር በተቃራኒ የሚከራከሩም አሉ...

ክር ቤት የሠራሁ
ሰኞ አለፈ። ምን ላይ ደረስክ?

ዘቢባ
ሰላም፣ ቀይ ድር በነጭ ማግ ያለው ሻርፕ ዋጋው ስንት ነው? ለእህቴ ሰርግ ፈልጌ ነው። ወልዲያ ታደርሳላችሁ?