ክርክር፦ ለውኃ ኮዳ ሲባል አሮጌ ብስክሌት ይበሳ?

ጠያቂው፦
ከአባቴ የወረስኩት የብረት መወዳደሪያ ብስክሌት አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ነው። ቀለሙ እዚህም እዚያም ቢላጥም ከፋብሪካ የወጣበት ነው። ችግሩ ውኃ የሚያዝበት ቦታ የለውም። የኮዳ ማቀፊያ በብሎን የሚታሰርበት አንድም ቀዳዳ አልተተወለትም። ባለፈው ሳምንት ረጅም ዳገት ላይ ጉሮሮዬ ደርቆ ወርጄ ገፋሁት። አንድ ብረት ሠራተኛ ዘንድ ብወስደው «ሁለት ቀዳዳ በትራፓኖ እበሳልሃለሁ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለኝ። እሺ ልል ከአፌ ላይ መለስኩት። ይበሳ ወይስ አይበሳ?

ሰብሳቢው፦
ፈጽሞ አይበሳ! ቀዳዳ የሌለው ሠሪው ረስቶ አይደለም። በዚያ ዘመን ማቀፊያው ቱቦውን በሚከብብ ቀለበት ይታሰር ነበር፤ በፍሬሙ ላይ የተበየደ የብሎን መያዣ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ ያ ባዶ ቱቦ የብስክሌቱ የልደት ምስክር ነው። ቀለም ቢላጥ ይቀባል፣ ጎማ ቢያልቅ ይቀየራል፤ የተበሳ ብረት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። እባክህ ወንድሜ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆንብህ።

ተጓዧ፦
ሰብሳቢው ሁሉን ነገር የሚያዩት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለማስቀመጥ ነው። ብስክሌት የተሠራው ለመንዳት ነው፤ የሚነዳው ሰው ደግሞ ይጠማል። ኮዳ ራሱ ስንት ጊዜ ቦታ ቀይሯል! የጥንቶቹ ተወዳዳሪዎች በቡሽ የሚከደን የብረት ኮዳ፣ አንዳንዴም ሁለት ጎን ለጎን፣ መሪው ፊት ለፊት አስረው ይነዱ ነበር። በኋላ ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ ወደሚወርደው ታችኛው ቱቦ ወረደ፤ ብረቱም ለፕላስቲክ ቦታውን ለቀቀ። ያን ጊዜ «ጥንታዊነቱ ተበላሸ» ብሎ የተጨነቀ ያለ አይመስለኝም። እኔ በሙቀት ቀን ውኃ አልቆብኝ ቁልቁለት ላይ ዓይኔ ብዥ ብሎብኝ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው በፊት ለቀለም የሚያዝን ክርክር አልወድም።

የጥገና ባለሙያው፦
ሁለታችሁም ስለ ስሜት ስትነጋገሩ ብረቱን ረሳችሁት። የጥሩ መወዳደሪያ ብስክሌት ቱቦ የግድግዳው ውፍረት ዳር እስከ ዳር አንድ አይደለም። የእንግሊዙ ቱቦ ሠሪ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1897 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ይህ ነው፤ ቱቦው ብየዳው በሚያርፍበት ጫፍ ይወፍራል፣ መሐሉ ክብደት ለመቀነስ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው ታዋቂው «531» ቱቦም በዚሁ መልክ ይሠራ ነበር። መሐሉ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። የኮዳ ማቀፊያ ብሎኖች የሚያርፉት ደግሞ በዚሁ ስስ ቦታ ላይ ነው።

በዚህ ስስ ብረት ላይ አምስት ሚሊሜትር ለሚወፍር ብሎን ጥምዝ ማውጣት አይቻልም፤ ብሎኑ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ፋብሪካ ሲሠራው ጥምዙ ያለው ለብቻው በተሠራ ትንሽ መያዣ ውስጥ ነው፤ እሱም በናስ ወይም በብር ብየዳ ከቱቦው ጋር ይያያዛል። በሁለቱ ብሎኖች መካከል ያለው ርቀት 64 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ካልሆነ ማቀፊያው አይገጥምም። ያንን ብየዳ ዛሬ ብናደርገው እሳቱ ዙሪያውን ያለውን ቀለም ይበላዋል። በትራፓኖ ተበስቶ እንዲሁ የተተወ ቀዳዳ ደግሞ የስንጥቅ መነሻ ነው፤ ዝናብ በዚያ ይገባና ቱቦው ከውስጥ ይዝጋል። ከውጭ የሚያብረቀርቅ፣ ከውስጥ ግን የተበላ ፍሬም በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ግማሽ ሰዓት ያለህ ሰው ይህንን አላሰበበትም።

ወጣቱ ተወዳዳሪ፦
ታዲያ ለምን ፍሬሙን አትተዉትም? እንደ ጥንቶቹ መሪው ላይ ማሰር ነው። ቀዳዳም ቀለበትም አያስፈልግም።

የጥገና ባለሙያው፦
ይቻላል፤ ግን አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ያንን መሪ ላይ ስትሰቅለው መሪው መታጠፉን ያከብደዋል፣ ጠጠር ላይም ያወዛውዝሃል። በዚያ ዘመን የፍሬን ሽቦ ከማንሻው አናት ወጥቶ ወደ ላይ ቀስት ሠርቶ ስለሚታጠፍ ከኮዳው ጋር ይጋፋል። ትንሽ ኮዳ ከሆነ አልከለክልህም።

ሰብሳቢው፦
እኔ ቀለበቱንም አልወደውም። ቀለም ይፍቃል፤ ከሥሩ ላብና ውኃ አጠራቅሞ ያዝጋል። ከኮርቻው ጀርባ በምትታሰር ቦርሳ ውስጥ ኮዳ ማስቀመጥ ይበቃል።

ተጓዧ፦
ቦርሳ ውስጥ ያለ ውኃ ለመጠጣት መቆም ግድ ነው። ዳገት ላይ ማን ይቆማል? ሰው «እዚያ ጋ ስደርስ» እያለ ሳይጠጣ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1952 በቱር ደ ፍራንስ ጣሊያናዊዎቹ ተወዳዳሪዎች ኮፒና ባርታሊ ዳገት ላይ ኮዳ ሲቀባበሉ የተነሣውን ፎቶ አስታውሱ። ማን ለማን ሰጠ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሁለት የማይዋደዱ ተፎካካሪዎች እንኳ ውኃን እጅ ከሚደርስበት አላራቁትም! ጣሊያን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚካሄደው ሌሮይካ የተባለው የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞም ቢሆን ከ1987 በፊት የተሠሩ ብስክሌቶች ቀኑን ሙሉ ነጭ ጠጠር መንገድ ላይ የሚነዱበት ነው። የማርሽ መቀየሪያው ታችኛው ቱቦ ላይ ይሁን ይላሉ እንጂ ተጠሙ አይሉም።

ጠያቂው፦
አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክርክራችሁን ካነበብኩ በኋላ ታችኛውን ቱቦ በጨርቅ በደንብ ጠረግኩት። ከማርሽ መቀየሪያው ዝቅ ብሎ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቀለበታማ ምልክት አለ፤ በዚያ ቦታ ቀለሙ አልደበዘዘም። ከእሱ በታችም ሌላ አለ። አባቴ ማቀፊያ አስሮበት ነበር ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

ሰብሳቢው፦
እንዲህ ከሆነ ተሸንፌያለሁ። ቀለበቱን እዚያው ምልክቱ ላይ መልሰው፤ አንዲት ሚሊሜትር አታንቀሳቅሰው።

ተጓዧ፦
ምልክቱ ባይገኝ ኖሮስ? ልጁ ይጠማ ነበር?

ሰብሳቢው፦
ቦርሳ ይይዝ ነበር። በዚህ አልለወጥም።

የጥገና ባለሙያው፦
ቀለበት ከመግዛትህ በፊት የቱቦውን የውጭ ዲያሜትር ለካ። ብዙዎቹ 28.6 ሚሊሜትር ናቸው፤ የፈረንሳይ ሥራ ከሆነ ግን 28 ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ልዩነት ማቀፊያው ይንሸራተታል። ከሥሩ የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠህ አስገባ። ብሎኑን ከመጠን በላይ አታጥብቅ፤ ስስ ቱቦ ይጎደጉዳል። ዝናብ ከመታው ፈትተህ አድርቀው።

ጠያቂው፦
ለካሁት። 28.6 ነው።