ዘይት ካስቀየርኩ በኋላ ታፖው ይንጠባጠባል፤ ምን ያህል ነው የሚጠብቀው?

ባለ ቪትዟ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቪትዝ 1.3 ናት፣ የ2002 ሞዴል። ባለፈው ሳምንት ዘይትና ፊልትሮ አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቆመችበት ቦታ ዘይት ጠብ ብሎ አገኛለሁ። በስልኬ መብራት ከሥር ሳያት የማፍሰሻው ታፖ (ዘይቱ የሚፈስበትን ቀዳዳ የሚዘጋው ብሎን) ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ወደ ቀየሩልኝ ልጆች ተመለስኩ። አንደኛው መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰካና "አንዴ ግጥም ላድርገው" ሲል አስቆምኩት። ጎረቤታችን እንዲሁ ተደርጎለት ጥርሱ አልቆ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚጠራቀምበትን ሳህን) እስከ መቀየር ደርሷል። ለመሆኑ ይሄ ነገር ምን ያህል ነው መጥበቅ ያለበት? የ14 መፍቻ አለኝ። ራሴ ላስረው እችላለሁ?

የአይሱዙ ሹፌር
ምን ያስፈራል? እኔ መፍቻውን በእግሬ ረግጬ ነው የማስረው። ጠብ ብሎ አያውቅም። መንገድ ላይ ዘይት ፈሶ ሞተር ከሚነክስ ጠብቆ ቢያስቸግር ይሻላል። እምቢ ካለሽ ቴፍሎን ጠቅልይበት።

ከጉድጓዱ ሥር
እህቴ፣ ልጁን ማስቆምሽ ደግ አደረግሽ። ወንድሜ ባለ አይሱዙ፣ አትቀየመኝ፤ ያንተ ታፖ ከቪትዝ ታፖ በጣም ይወፍራል፣ ጉልበት ይችላል። የእሷ ጥርሱ ጋ 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 14 የሚባለው መፍቻ የሚይዘው የታፖው ራስ ነው። በእግር አይረገጥም።

በዚህ ሥራ ያረጀሁት ከመኪና ሥር ተኝቼ ነው። ሰው ሁሉ ታፖ ሲያንጠባጥብ "አልጠበቀም" ይላል። ዘይቱን የሚይዘው ግን ጥርሱ አይደለም። በታፖው ራስና በኮፓው መሃል ያለችው ስስ ቀለበት፣ ሮንዴላዋ ናት። የታፖው ሥራ እሷን ተጭኖ መያዝ ነው። አንዴ የተጨፈለቀች ሮንዴላ ሁለተኛ ስትታሰር እንደ መጀመሪያው አትገጥምም። ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ሮንዴላው ተቀይሯል?" ነው። ብዙ ጊዜ ባለ መኪናው ያየኛል እንጂ አይመልስልኝም።

ሶማሌ ተራ ወይም ሰፈርሽ ያለ መለዋወጫ ሱቅ ሂጂና የቶዮታ የዘይት ታፖ ሮንዴላ፣ ባለ 12፣ በያቸው። ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም። ድሮ የመዳብ ሮንዴላ ስናገኝ እሳት ላይ እስክትቀላ አሙቀን ውሃ ውስጥ እንጥላት ነበር። ትለሰልስና ደግማ ትሠራለች። የአሉሚኒየሟን ወይም የወረቀቷን እንዲህ ልሥራ ብትይ ግን ታበላሽያታለሽ።

ከመፍታትሽ በፊት ጠብታው ከየት እንደሚመጣ አጣሪ። ፊልትሮው ቢያፈስ፣ ከላይ የታፔቱ ክዳን ጋርኒሲዮን (ማሸጊያው) ቢያፈስ፣ ዘይቱ ተንሸራቶ ታፖው ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ዝቅ ያለ ቦታ እሱ ነዋ። አካባቢውን በጨርቅ አድርቂ፣ ትንሽ ነድተሽ ተመልሰሽ እዪ።

ታፖው ከሆነ፣ ዘይቱ ገና የሳምንት ስለሆነ አትድፊው። ንጹህ ሳፋ ላይ አፍሽው፣ አቧራ እንዳይገባ ሸፍኚው፣ መልሰሽ ትጨምሪዋለሽ። ሞተሩ ለብ ይበል እንጂ አይፋጅ። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ቆማ ከሥሯ እንዳትገቢ።

አሁን ልብ በይ። አሮጌዋ ሮንዴላ ኮፓው ላይ ተጣብቃ ልትቀር ትችላለች። ጥቁር ዘይት ስለሚሸፍናት የኮፓው አካል ትመስላለች። አዲሷ በላይዋ ከታሰረች ሁለቱ ተደራርበው ማንጠባጠቡ አይቀርም። በጥፍርሽ ዳብሺ። ከዚያ የኮፓውን አፍና የታፖውን ጥርስ ጥረጊ።

ሲገባ በጣትሽ ብቻ አስገቢው። ሦስት አራት ዙር በጣት ካልሄደ ተጣሞ ይዟል፤ አውጪና እንደገና ጀምሪ። ጥርስ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ብቻ አይደለም፣ ሲጀመርም ነው። ገና በጣት ሊገባ የሚገባውን በመፍቻ መጀመር የሰነፍ ሥራ ነው።

ልኩ 37 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ማለት እጀታው 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ መፍቻ ጫፉ ላይ ተይዞ በ15 ኪሎ ጉልበት ሲሳብ ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ከተሰካበት ያው 15 ኪሎ እጥፍ ሆኖ ነው ታፖው ላይ የሚያርፈው። ልጁ ደግሞ በሁለት እጁ ነው የሚስበው! አንቺ አጭሩን መፍቻ በአንድ እጅ ያዢ። ሮንዴላዋ ስትነካ ይከብድሻል። ከዚያ ወዲያ የቀረው ትንሽ ነው፤ ሩብ ዙር ላይሞላ ይችላል። እየከበደ ሄዶ ድንገት ከለሰለሰብሽ አቁሚ። እሱ ጥርሱ እየለቀቀ ነው።

ቴፍሎን የውሃ ቧንቧ ነገር ነው። ቁራጩ ኮፓው ውስጥ ከገባ ፓምፑ ዘይት የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል። ሲሊኮንም እንደዚያው።

የአይሱዙ ሹፌር
አልቀየምም ጋሼ። ግን የኛ ሰው ጠበቅ ካላደረጉለት ያኮርፋል። "ይሄ ልጅ ጉልበት የለውም" ነው የሚሉት።

ሜሪላንድ ያለሁ
እኔ ቤቴ ነው ዘይት የምቀይረው። መኪናዬ ሆንዳ ነው፣ ታፖው በ17 ይፈታል፣ ልኩ 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። እዚህ የመለዋወጫ ሱቆች ቶርክ መፍቻ (የሚታሰርበትን ጉልበት የሚለካ መፍቻ) በማስያዣ ያውሳሉ። ባለ ቪትዟ፣ የምታውቂው ሰው ካለው ተዋሺ፤ ብዙዎቹ በፉት ፓውንድ ስለሆኑ 27 ላይ አድርጊው። ጋሼ፣ እኔ አንድ የሚያሳስበኝ አለ። ኮፓዬ አሉሚኒየም ነው። ጥርሱ ቢያልቅ ምን ይደረጋል? ደግሞስ ሰው የሱ ኮፓ ብረት ይሁን አሉሚኒየም በምን ይለያል?

ከጉድጓዱ ሥር
ማግኔት አስጠጋበት። ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም። የታፖው ብረት ጠንካራ ነው፣ አሉሚኒየሙ ለስላሳ፤ ሲታገሉ ሁልጊዜ የሚሸነፈው ኮፓው ነው።

ጥርሱ ካለቀ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ጥርስ ማውጣትና ወፍራም ታፖ መግጠም ነው። ቶርኖ ቤት ይሠሩታል። ሁለተኛው ሄሊኮይል የሚባለውን የሽቦ ጥርስ መትከል ነው። ለአሉሚኒየም እኔ ይሄን እመርጣለሁ፤ ታፖው በልኩ ይቀራል። ሦስተኛው ኮፓውን መቀየር ነው። ኮፓው ሳይወርድ ጥርስ የሚያወጣ ሰው ካገኘህ መሣሪያውን ግራሶ እንዲቀባው ንገረው፣ ፍቅፋቂው እዚያ ላይ ይያዛል። የቀረውን ደግሞ ትንሽ ዘይት ከላይ አፍስሶ ያጥበው። ራሱን የሚቆርጥ የሚሉት ታፖ ግን ለጉዞ ማድረሻ ካልሆነ አይመቸኝም።

ባለ ቪትዟ
ጋሼ፣ ዛሬ ከወንድሜ ጋር ፈታነው። ሁለት ሮንዴላ ነበር! አሮጌዋ በጥፍር እምቢ ብላ በካቻቢቴ ጫፍ ነው የወጣችው። ኮፓውም ማግኔት ይይዛል። አዲሷን አስገብተን በአጭሩ መፍቻ አሰርነው። እስካሁን ሥሯ ደረቅ ነው፣ ነገም አያለሁ። ቱቦ የሰካው ልጅ ፊልትሮውንም እንደዚያ አስሮት ይሆን ብዬ ሰጋሁ። እሱስ ልክ አለው?

ከጉድጓዱ ሥር
አለው። የፊልትሮው ማሸጊያ ጎማ ሞተሩን ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር፣ በቃ። ከመግጠሙ በፊት ጎማው ዘይት ይቀባል። ካላፈሰ ግን አሁን አትንኪው። በሚቀጥለው ቅያሪ ሲፈታ ከፊቱ ቁሚ፤ የአሮጌው ፊልትሮ ጎማም እንደ ሮንዴላዋ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።