የግእዝን ሥር ይዞ የአማርኛ ቃላትን ማስተማር ያዋጣል?

ጥያቄ

የ14 ዓመት ልጄ ተወልዳ ያደገችው ስዊድን ውስጥ ነው። የቤት አማርኛ አይቸግራትም፤ ከአያቷ ጋር በስልክ ሲያወጉ አስተርጓሚ አይፈልጉም። ዜና ሲከፈት ግን «ሊቀ መንበር»፣ «ኅብረተሰብ»፣ «ሕገ መንግሥት» የሚሉት ቃላት ሌላ ቋንቋ ይሆኑባታል። በየሳምንቱ 20 ቃላት በካርድ እየጻፍኩ ሳስጠናት ከረምኩ፤ ዓርብ የሸመደደችውን ሰኞ አታስታውሰውም። በቅርቡ ግን ራሷ «መጽሐፍና ጸሐፊ ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እነዚያን ሁለቱን እስካሁን አልረሳቻቸውም። ቃላትን በሥርወ ቃላቸው ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ ከየት መጀመር እንደሚሻልና የት ላይ እንደሚያሳስት ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1

አማርኛ በማስተማር ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ያየሁትን ልናገር። መነሻው ልጅዎ የምታውቀው ቃል ይሁን። ወንበርን ታውቃለች። በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ማለት ሲሆን መቀመጫው «መንበር» ይባላል፤ የእኛ ወንበር ከዚያው የመጣ ነው። ይህን ከያዘች ሊቀ መንበር የመቀመጫው አለቃ፣ ማለትም ስብሰባውን የሚመራው ሰው መሆኑን ራሷ ትደርስበታለች፤ መንበረ ጸባዖትም ሆነ ነባር ያን ያህል አያስቸግራትም። በቀን አሥር ጊዜ የምትለው «ነበር» እንኳ የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ተማሪዎቼ ከሁሉ የሚገረሙት በዚህ ነው። ከፊት ያለችው «መ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ቦታ ወይም መሣሪያውን ታመለክታለች፤ ከቀደሰ መቅደስ እንደሚወጣ ማለት ነው። እኔ ከቃሉ ታሪክ ይልቅ ይህችን «መ» አስቀድማለሁ፤ ገና ያላየቻቸውን ቃላት የምትከፍትላት እርሷ ናትና።

ምላሽ 2

በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሥሩ የሚገኘው ፊደሉ በትክክል ሲጻፍ ብቻ ነው። በስልክ ስንጽፍ «ሠ»ን ከ«ሰ» የምንለይ ስንቶቻችን ነን? በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ምሥራቅ የመጣው ከእርሱ ነው። «ሰረቀ» ግን ያው የሌባው ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ ፊደል ጽፈን ካስተማርናት ልጅቷ ምሥራቅን የሌቦች አገር ብታደርገው አይፈረድባትም። ሠዓሊና በቅዳሴ የምንሰማው «ሰአሊ ለነ»ም እንዲሁ ዝምድና የላቸውም፤ ሁለተኛው ለምኚልን ማለት ነው። ድኅነት መዳን ሲሆን ድህነት ማጣት ነው፤ ይህን ማምታታት ስብከት ያበላሻል።

በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ካለዎት ይጠቀሙበት። ፊደሉ የተደረደረው በአበገደ ተራ ስለሆነ በሀሁ ያደገ ሰው መጀመሪያ ይደናገራል፤ መጽሐፍንም የሚፈልጉት ከ«መ» ሳይሆን ከ«ጸሐፈ» ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥሩ ሁልጊዜ የዛሬውን ትርጉም አይሰጥም። «ሥን» በግእዝ ውበት ነው። ሥነ ጽሑፍን የጽሑፍ ውበት ብለን ብንፈታው ያምራል፤ ሥነ ሕይወት ላይ ስንደርስ ግን ውበቱ ብዙም አይረዳንም።

ምላሽ 3

የውጭ ቃላቱንም አይርሷቸው። ጋዜጣ፣ ቦርሳ፣ ጎማ ከጣልያንኛ የገቡ ስለሆኑ የግእዝ ሥር ቢፈለግላቸው ድካም ነው። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ስሆን ለገሃርን ለረጅም ጊዜ ከለገጣፎና ከለገዳዲ ጋር እመድበው ነበር። በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ያለው «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፤ ለገሃር ግን የፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. ከተማዋ ከደረሰ ወዲህ የመጣ ስም ነው። በድምፅ መመሳሰል ብቻ ዘመድ ማድረግ እንዲህ ያሳስታል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ በሳምንቱ ቀናት ሞከርነው። እሑድ አንድ፣ ሰኞ ከ«ሰኑይ» ሁለት፣ ረቡዕ አራት፣ ሐሙስ አምስት መሆናቸውን ነግሬአት ማክሰኞን ዘለልኩት፤ «የሰኞ ማግስት ነዋ!» አለችኝ። ዓርብ ለምን ስድስት እንዳልሆነ ስትጠይቀኝ ግን መልስ አጣሁ።

ምላሽ 1

ዓርብ «ዐረበ» ከሚለው ነው፤ ፀሐይ ጠለቀች ማለት ነው፤ የሰንበት ዋዜማ ናትና። ምዕራብንም ከዚያው ያውጡላት፤ ከምሥራቅ ጋር አጣምራ ብትጽፋቸው «ሠ»ንና «ዐ»ን በአንድ ቀን ትይዛለች።