የቴስታታ ጓርኒሲዮን ግቢ ውስጥ ለመቀየር፦ ዕቃው ከየት፣ ሥራው ለማን?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ሰላም ቤተሰብ። ጥቆማ ፈልጌ ነው። መኪናዬ የድሮ ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ ፋይቭ ኤ። ከባሕር ዳር ስመለስ የአባይ በረሃን ዳገት ጨርሼ ጎሃ ጽዮን ልገባ ስል ሙቀቱ ቀዩን ነካ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ትጠጣለች፣ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ አላት። ጋራዥ የጠሩልኝ ዋጋ አስደንግጦኛል። ግቢያችን ሰፊ ነው፣ ቁልፎች አሉኝ፣ እጄም ከመኪና ሥራ አይሸሽም። ራሴ ብሠራው ዕቃውን ከየት ልግዛ? የትኛው ጓርኒሲዮን ይሻላል? ቶርኖ ቤትስ?»

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገባህ። ያ ዳገት ብዙ ቴስታታ (ከሞተሩ ብሎክ በላይ የሚገጠመውን ራስ) በልቷል። ጓርኒሲዮኑ ደግሞ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ገብቶ የሚያሽገው ንጣፍ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልንገርህ። ገንዘብህን ከሁሉ በፊት ቶርኖ ቤት ላይ አውጣ፣ ቴስታታውን በማሽን የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። ጥሩ ጓርኒሲዮን ግዛ፣ ግን በማርካ ክርክር ሳምንት አትፍጅ። መፍታትና መግጠሙን በትዕግሥት ከሠራህ ትወጣዋለህ። ቴስታታው ከተጣመመ ግን ኦሪጅናል ጓርኒሲዮንም አያድንህም። ከጥቂት ወር በኋላ እንደገና ኮፈን ከፍተህ ትቆማለህ።

ሳትፈታ አረጋግጥ። ነጭ ጭስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ አዲስ አበባ በክረምት ጠዋት ጤነኛ መኪናም ያጨሳል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፣ ሞተሩን አስነሳና ውሃውን እይ። ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የዘይት መለኪያውንም አውጣ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ነገሩ አልቋል። ከቻልክ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን የጭመቃ ግፊት) የሚለካ መካኒክ ቤትህ ጥራ። ሥራው አጭር ነው፣ ዋጋውም ከመፍታት ጋር አይወዳደርም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ላይ ቁጥሩ ከወረደ ጓርኒሲዮኑ በመሃላቸው ሄዷል ማለት ነው። ጋዙን በፈሳሽ የሚመረምር መሣሪያም አለ። ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ከተቀየረ ጥርጣሬ የለውም።

የራዲያተሩን ክዳን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚንቀው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። ክዳን የሌለው ድስት ውስጥ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የመኪናህ ቴርሞስታት (ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ወደ 82 ዲግሪ ላይ ነው። ልዩነቱ አሥር ዲግሪ ብቻ። ሞተሩን ከመፍላት የሚያተርፈው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታያለህ፣ የግፊቱ ልክ ነው። ጎማው ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃውም ዳገት ላይ ይፈላል። ስለዚህ አዲስ ክዳን፣ አዲስ ቴርሞስታትና ኩላንት ከጓርኒሲዮኑ ጋር አብረው ይገዙ። ክዳኑ ከሁሉም ይረክሳል። እሱን ሳይለውጥ ጓርኒሲዮን የሚለውጥ ሰው ሲያጋጥመኝ ይገርመኛል።

ወደ ግዢው እንሂድ። ሱቅ ገብተህ «የኮሮላ ጓርኒሲዮን» አትበል። ኮሮላ አገራችን የገባው ከብዙ ዓይነት ሞተር ጋር ነው። ፎር ኤ እና ፋይቭ ኤ ወንድማማች ሞተሮች ናቸው፣ ግን የፎር ኤ ሲሊንደር ስፋት 81 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፋይቭ ኤ 78.7 ነው። የአንዱ ጓርኒሲዮን ለሌላው አይሆንም። ብሎኩ ላይ የተጻፈውን የሞተር ኮድ በስልክህ አንሳ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ያዝ። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ይዘህ ብትሄድ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። አዲሱን ላዩ ላይ አስቀምጠህ እያንዳንዱን ቀዳዳ ታመሳክራለህ።

የት? ሦስት መንገድ አለህ። የቶዮታ ወኪል ሞኤንኮ ጋ ኦሪጅናሉን ትጠይቃለህ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን የምትይዘው ዕቃ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ሁለተኛው ተክለ ሃይማኖትና መርካቶ ያሉት የመለዋወጫ ሱቆች ናቸው። እዚህ ከኦሪጅናል እስከ ታይዋን ሁሉም አለ። የኔ ምርጫ እዚህ ነው፣ የጃፓን ሥሪት ከሆነው ጎራ። ስቶን የሚለው ማርካ ለቶዮታ የሚታመን ነው። የጀርመኖቹን ኤልሪንግ እና ቪክቶር ራይንዝ ካገኘህም አትለፋቸው። ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ፊደሉ የተንሻፈፈ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ከሆነ ተወው። ነጋዴው «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ቢምል ደረሰኙ ላይ እንዲጽፈው ጠይቀው። የማይጽፍ ከሆነ መልሱን ሰጥቶሃል።

ሦስተኛው ሶማሌ ተራ ነው። ለአሮጌ ዕቃ ወደር የለውም። ቴስታታህ ተሰንጥቆ ከተገኘ ሌላ ቴስታታ የምትፈልገው እዚያ ነው። የተጠቀሙበት ጓርኒሲዮን ግን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ፣ አንዴ የተጨመቀ ነገር ነው። የቴስታታ ቡሎንም ቢሆን አዲስ ይሁን። ያገለገለ ቴስታታ ስትገዛ በቫልቮቹ መካከል ያለውን ድልድይ በደንብ እይ፣ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። «ቶርኖ ቤት ካስፈተሽኩ በኋላ ካልሆነ እመልሳለሁ» ብለህ ተስማማ።

ዋጋ አልጽፍልህም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ሦስት ሱቅ ጠይቅ፣ ከሁሉ የረከሰውን ተወው።

ነጠላ ጓርኒሲዮን ሳይሆን ሙሉ ኪቱን ግዛ። የማኒፎልዱና የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮኖች፣ የቫልቭ ጎማዎቹ ሁሉ አብረው ይመጣሉ። ታይሚንግ ቤልቱ ለማንኛውም ስለሚወርድ እሱንም ከነመወጠሪያው ለውጥ፣ ውሃ ፓምፑንም ጨምር። ሁለት ጊዜ መፍታት ከሁሉም በላይ ውድ ነው።

አሁን ዋናው፣ ቶርኖ ቤት። ስም አልጠቁምህም፣ ምክንያቱም ሥራው የሚወሰነው በቤቱ ስም ሳይሆን ማሽኑ ላይ በቆመው ሰው ነው። እንዴት እንደምትመርጥ ግን እነግርሃለሁ። ቴስታታውን ይዘህ ግባና «ስንት ተጣሟል?» ብለህ ጠይቅ። ቀጥ ያለ ብረትና ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች) አውጥቶ በቁመት፣ በጎንና በአግድመት የሚለካ ከሆነ ቁጭ በል። በዓይኑ ገርምሞ «ይላጋል» የሚልህ ከሆነ አመስግነህ ውጣ። ለዚህ ሞተር በብሎክ በኩል ያለው የቴስታታ ፊት የሚፈቀድለት ጥመት 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ስንጥቅ በግፊት ይፈትሹ እንደሆነ ጠይቅ። የውሃ መንገዶቹ ተዘግተው አየር ይገባባቸዋል፣ ቴስታታው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ አረፋ የወጣበት ቦታ ተሰንጥቋል። ከመላጉ በፊት ይህን አስደርግ። ለተሰነጠቀ ቴስታታ የመላጊያ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ሲላጉትም በትንሹ ይሁን፣ «ቀጥ እስኪል ብቻ» በላቸው። ሲጨርሱ ጥፍርህን ፊቱ ላይ አሳልፍ። የሚይዝህ ጭረት ካለ እንዲደግሙት ጠይቅ። ባለ ብዙ ንብርብር የብረት ጓርኒሲዮን ከገዛህ ደግሞ ፊቱ ከሌላውም በላይ ልስልስ መሆን አለበት። የድሮው ዓይነት ለስላሳ ጓርኒሲዮን ትንሽ ሻካራነት ይችላል። ለዚህ ሞተር እኔ ለስላሳውን እመርጣለሁ።

በብርጭቆ ላይ የብርጭቆ ወረቀት አንጥፈው ቴስታታ የሚፈትጉ አሉ። ሰፈራችን ያለ አንድ ጋራዥ ለጎረቤቴ እንዲህ ሠርቶለት ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ ፈላ። ብሎኩንም ሳትረሳ በዚያው ቀጥ ያለ ብረት ለካው። ብሎኩ የብረት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ስትፍቅ ሲሊንደሮቹን በጨርቅ ድፈን።

ቶርክ ቁልፍ (ቡሎን በተለካ ኃይል የሚያጠብቀው) የግድ ነው። መግዛት ካልፈለክ ከምታውቀው መካኒክ ተከራይ፣ መያዣ አስይዝ። ቡሎኖቹ 10 ናቸው፣ ቁመታቸውም ሁለት ዓይነት ነው። 90 ሚሊ ሜትሮቹ በአየር ማስገቢያው በኩል፣ 108ቱ በጭስ ማውጫው በኩል ይገባሉ። ጥርሳቸውን ስስ ዘይት ቀባ። የቡሎን ጉድጓዶቹ ውስጥ ውሃም ዘይትም እንዳይቀር፣ ፈሳሽ ካለ ስታጠብቅ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር እየወጣህ ሁሉንም በ29 ኒውተን ሜትር አጥብቅ። ከዚያ የእያንዳንዱን ራስ በቀለም ነጥብ ምልክት አድርግ። ሁሉንም 90 ዲግሪ አዙር፣ እንደገና 90 ዲግሪ። ነጥቡ ተቃራኒው አቅጣጫ ላይ ከደረሰ ጨርሰሃል። ጓርኒሲዮኑ ላይ ሲልከን አትቀባ፣ በደረቁ ነው የሚገባው።

ከዚህ በኋላ የመጡ ጥያቄዎች ነበሩ፣ እዚሁ ልመልሳቸው።

«እኔ ሃይኤስ ሚኒባስ ነው የምሠራበት፣ ፋይቭ ኤል ናፍጣ። ያልከው ለኔም ይሆናል?» ጋሼ፣ የቶርክ ቁጥሮቹ አይሆኑም፣ የርስዎ ሞተር ሌላ ነው። የቶርኖ ቤቱ ምክር ግን እንዳለ ይሠራል። ለናፍጣ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጓርኒሲዮኑ በሦስት ውፍረት ይሸጣል፣ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ የሚል ምልክት አለው። የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ በሚወጣበት ልክ ነው። አሮጌው ላይ ያለውን ፊደል ይዩ፣ ፒስተን ወይም ብሎክ ከተነካ ደግሞ እንደገና ያስለኩ። ሱቅ ያለው ሰው «ሁሉም አንድ ነው» ካለዎት ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

«እህቴ ቨርጂኒያ ናት፣ ከአሜሪካ ብታመጣልኝስ?» ለፋይቭ ኤ አሜሪካ ሱቅ ብዙ አትድከሚ። እዚያ የተሸጡት የ90ዎቹ ኮሮላዎች ፎር ኤ እና ሰቨን ኤ ነበራቸው፣ ከ1998 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ሌላ ሞተር ገባ። ዱባይ ዘመድ ካለሽ እሱ ይቀላል። ማንም ያምጣው፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይታጠፍ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ይታሰር። የታጠፈ ጓርኒሲዮን አይቃናም።

«ራሴን ካላመንኩስ? ቤት የሚመጣ መካኒክ ወይስ ጋራዥ?» እህቴ፣ ቤት የሚመጣው ይሻልሻል፣ ግን በአንድ ስምምነት። ቴስታታውን ቶርኖ ቤት የምታደርሺው አንቺ ትሁኚ፣ ዕቃውንም አንቺ ግዢ። እሱ የእጁን ይውሰድ። ጋራዥ የሚሻለው ግቢ ለሌለው ሰውና ዝናብ በሚበዛበት ወር ነው። ከነሐሴ ዶፍ ሥር የተከፈተ ሞተር አይተውም። ኩላንቱንም የትም አትድፉት። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ይገድላቸዋል።

ጠያቂው ተመልሶ፦ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ቅዳሜ ጠዋት እጀምራለሁ።»

ቅዳሜ አትጀምር! ቅዳሜ ማታ አንድ ቡሎን ቢሰበርብህ እሁድ ሱቅም ቶርኖ ቤትም ዝግ ነው፣ መኪናዋ ደጅህ ተበትና ታድራለች። ሐሙስና ዓርብን ፈቃድ ውሰድ። ሐሙስ ፈተህ ቴስታታውን ከሰዓት ቶርኖ ቤት አስገባ፣ ቅዳሜ ግጠም። እሁድ ሰፈር ውስጥ ዙር፣ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ጨምር። አባይ በረሃን ግን ለጊዜው እርሳው።