ክርክር፦ ለፋርማሲ ፕሮግራም ኤሌክትሮን ይሻላል ወይስ ኪውት?

ከማራኪ፦
ለጎንደር ፋርማሲዎች የመድኃኒት ክምችት መቆጣጠሪያ ልሠራ ነው። ፒያሳ ያሉት ሁለቱ ዊንዶውስ 10 ይጠቀማሉ። አዘዞ ያለው ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። ሁሉም ባለ 4 ጊጋ ራም ናቸው። አንዴ ጽፌው በሁለቱም ላይ እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ኤሌክትሮንም ኪውትም እንዲህ ያለ የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ ናቸው፤ የእኔ ምርጫ ኪውት ነው። ኤሌክትሮን ሙሉ ክሮሚየም (የክሮም ብሮውዘር መሠረት) ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ፋርማሲስቷ አንድ መድኃኒት ለመፈለግ ሌላ ብሮውዘር እንደከፈተች ቁጠሩት። 4 ጊጋ ላይ ይከብዳል። ተሳስተሃል የሚል ይሞግተኝ።

ከሳሙና በር፦
እኔ እሞግትሃለሁ ወንድሜ። አንተ የለመድከው ዌብ ነው፤ ኤሌክትሮን የሚጻፈውም በዚያው ነው። የኪውትን ቋንቋ ሲ ፕላስ ፕላስን እስክትለምድ ፋርማሲዎቹ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድስ በኤሌክትሮን የተሠራ አይደል? ሁላችንም ቀኑን ሙሉ ከፍተነው እንውላለን።

ከማራኪ፦
እኛ የምንከፍተው በራሳችን ላፕቶፕ ነው፤ የእነሱ ማሽን ሌላ ነው። ደግሞ ኪውትን በፓይተን መጻፍ ይቻላል። ኪውትን ከፓይተን የሚያገናኘው ፓይሳይድ ኤልጂፒኤል በሚባል የክፍት ኮድ ፈቃድ ስለሚገኝ ግዴታውን አክብሬ ኮዴን ሳልከፍት መሸጥ እችላለሁ። ሌላው ማገናኛ ፓይኪውት ግን ወይ ኮድህን ክፈት በሚለው ጂፒኤል ፈቃድ ነው ወይ ይከፈልበታል። ሳትጀምሩ ይህን እዩ።

ከአዘዞ፦
ስለ ራም ስታወሩ ቀኑን ረሳችሁት። እኔ ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም በኪውት ሠርቻለሁ። ኪውት ከ5.14 እትሙ ጀምሮ ኪውካሌንደር የሚባል የቀን መቁጠሪያ አለው። የጁሊያን፣ የፋርስና የእስልምና አቆጣጠር አሉበት፤ የእኛ የለም። 13ኛ ወር አያውቅም። ከእኛ ወደ ፈረንጅ ቀን መቀየሪያውን ራሴ ጻፍኩና ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 አደረግኳት። 2015 ላይ 6 ነበረች። የመስከረም ቀጠሮ ሁሉ በአንድ ቀን ተዛባ። ሰው ከሩቅ ተነስቶ ሲመጣ ስሙ ትናንት ዝርዝር ውስጥ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ክሮሚየም ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነወሮቹ ስም ይዟል። በአንድ መስመር ጃቫስክሪፕት ያሳይሃል።

ከፒያሳ፦
ታውሪ የሚባለውን ሌላ የፕሮግራም መሥሪያ የሞከረ የለም? 1.0 የወጣው በ2022 ነው፣ በፈረንጅ። የራሱን ብሮውዘር አይዝም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ይሠራል። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በፍላሽም በዳታም መላክ ቀላል ነው።

ከሳሙና በር፦
ፋይሉ ያንሳል፣ እውነት ነው። ግን ዊንዶውስ ላይ የሚጠቀመው የገጽ ማሳያ፣ ዌብቪው 2፣ ራሱ ክሮሚየም ነው። ስለዚህ በራም ብዙ አትጠብቅ። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ዌብኪት የሚባል ሌላ የብሮውዘር ሞተር ነው። ገጹ በሁለቱ ላይ ሊለያይ ስለሚችል ሁለቴ መፈተሽ አለበት።

ከማራኪ፦
እህቴ፣ የቀኑን ነገር በደንብ አላሰብኩበትም ነበር። ይሁንና ያ የክሮሚየሙ መስመር የሚያሳይ ብቻ ነው። ተጠቃሚው «ጥር 12» ብሎ ሲጽፍ ወደ ፈረንጅ የሚመልስ ኮድ እዚያም ራሴው ልጽፍ ነው። የመድኃኒቱ ማብቂያ ደግሞ ካርቶኑ ላይ በፈረንጅ ነው ያለው፤ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። የእኛ ቀን የሚያስፈልገኝ ለደረሰኝና ለወር ሪፖርት ነው። ለዚያ ብዬ ደካማ ማሽን ላይ ብሮውዘር አልጭንም። ኪውት ላይ እቆያለሁ። ያስተካከልሽውን መቀየሪያ ላኪልኝ፤ ፍተሻውን ከ2015 ጳጉሜን 6 እጀምራለሁ።

ከአዘዞ፦
ማታ እልክልሃለሁ። 2019ንም ጨምርበት፤ ጳጉሜን ያኔም 6 ናት።